በዕጣ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ምንድን ነው?

ሐኪም መድኃኒት በዕጣ ይሰጣል ቢባል ማን ደስ ይለዋል? ሰው ሆስፒታል የሚሄደው የተሻለውን የሚመርጥለት ባለሙያ ፍለጋ ነው፤ ዕድሉን ለመሞከር አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ዛሬ ያለ ስጋት ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች መካከል ብዙዎቹ እዚህ የደረሱት በአንድ ወቅት ለሕሙማን በዕጣ ስለተሰጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ በሽታ ሁለት ሕክምናዎች አሉ እንበል፤ አንዱ የተለመደው፣ ሌላው አዲስ። የትኛው እንደሚሻል በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለመሳተፍ የፈቀዱ ሕሙማን በሁለት ቡድን ይመደባሉ፤ ማን የት እንደሚገባ ግን ሐኪሙም፣ ታማሚውም፣ የመድኃኒቱ አምራችም አይወስኑም። ዕጣ ነው የሚወስነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቡድኖች እኩል ክትትል ይደረግላቸዋል፤ አስቀድሞ በተቆረጠው ቀንም ስንቱ እንደዳነ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ በስንቱ ላይ በሽታው እንዳገረሸ ይቆጠራል። በዕጣ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ማለት ይኸው ነው።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? የሐኪሙ ደግነትና ጥንቃቄ ራሱ ውጤቱን ስለሚያዛባ ነው። ሁለት ወጣቶች ከመተማ የሰሊጥ እርሻ ካላዛር በተባለው ገዳይ በሽታ ታመው ወደ ጎንደር መጡ እንበል። አንደኛው ለሳምንታት ትኩሳት አልለቀቀውም፣ ጣፊያው አብጧል፣ ልብሱ ሰፍቶታል፤ ግን በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው በቃሬዛ ነው የመጣው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ አፍንጫው ይደማል። ሐኪሙ ገና ያልተለመደውን መድኃኒት ለማን ይሰጣል? በቃሬዛ በመጣው ላይ ለመሞከር ይፈራል፤ ለበረታው ያዝለታል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ አዲሱን የወሰዱት በብዛት ድነዋል። ያዳናቸው መድኃኒቱ ነው ወይስ ቀድሞውንም ሊድኑ የሚችሉት ናቸው የተመረጡት? መዝገቡ ይህን አይናገርም። ሌላ ሐኪም ደግሞ ተስፋ ለተቆረጠላቸው ብቻ ቢሰጠው ያው መድኃኒት ገዳይ መስሎ ይወጣል።

ዕድሜን፣ ክብደትንና የደም ማነስን በስሌት ማስተካከል ይቻላል፤ እነዚህ ይለካሉ። የማይለካው ነው አስቸጋሪው። አስታማሚ ያለው፣ ከመታመሙ በፊት በቂ ምግብ ያገኝ የነበረ፣ ሐኪሙ እንዲሁ ሲያየው «ይሄ ይተርፋል» ያለው ሰው የትኛውም ቅጽ ላይ አይገኝም። ዕጣ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ሳይለይ ለሁለቱ ቡድኖች ያከፋፍላል፤ ሰዎቹ በበዙ ቁጥርም ክፍፍሉ እየተመጣጠነ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ትልቅ ልዩነት ከታየ፣ ከመድኃኒቱ ሌላ የሚጠረጠር ነገር እምብዛም አይቀርም።

ይህ አሠራር በዘመናዊ መልኩ ስሙን ያገኘው በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ብሪታንያ እጅ የገባው ስትሬፕቶማይሲን የተባለ የዚህ በሽታ መድኃኒት ለሁሉም የሚዳረስ አልነበረም። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከዚህ እጥረት ውስጥ ዕድል አየ፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ካልበቃ በዕጣ መስጠት ከአድልዎ የጸዳ ነው፣ እግረ መንገዱንም እውነቱ ይታወቃል። በ107 ሕሙማን ላይ የተደረገው የዚህ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች ደግሞ 14። ያን ጊዜ የአልጋ ዕረፍት ራሱ የተከበረ ሕክምና ነበር።

በዚያ ሙከራ ከዕጣው ያልተናነሰ ቁም ነገር የነበረው ፖስታው ነው። የእያንዳንዱ ታማሚ ምድብ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሐኪሙ ታማሚውን ወደ ሙከራው ማስገባቱን ሳይወስን ፖስታው አይከፈትም። ለምን ቢባል፣ ቀጣዩ ምድብ አዲሱ መድኃኒት መሆኑን ያወቀ ሐኪም የሚራራለትን ታማሚ ወረፋ ሊያስቀድም ይችላል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው የኮምፒውተር ሥርዓቱ እንደተነካካ ስለታወቀ ነው፤ እጅ የገባበት ዕጣ ዕጣ አይባልም። ዛሬ በትልልቅ ሙከራዎች ፖስታው በኮምፒውተር ተተክቷል፤ ምድቡም አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታሉ ውጭ ባለ ማዕከል ይያዛል። ሐኪሙ የታማሚውን መረጃ አስገብቶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ መልሱ ይመጣለታል።

«ልምድ ያለው ሐኪም ያለ ዕጣም የሚሻለውን አያውቅም ወይ?» የሚል አለ። አንዳንዴ ያውቃል። አንዳንዴ ግን በጣም የሚያሳምን ሐሳብ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከድንገተኛ የልብ ድካም የተረፉ ሰዎች የልብ ምታቸው መዛባት ለሞት እንደሚያደርሳቸው ይታመን ስለነበር፣ ምቱን የሚያስተካክሉ እንደ ፍሌካይናይድ ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዙላቸው ነበር። ምቱም በእርግጥ ይስተካከላል፤ ሐኪሙ በመሣሪያው ላይ አይቶ ይደሰታል። በዕጣ ሲሞከር ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት እየሞቱ መሆናቸው ታየና እ.ኤ.አ. በ1989 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የነበረው ሙከራ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ይህን በዓይን ብቻ ማንም ሊያየው አይችልም ነበር፤ ከልብ ድካም የተረፈ ሰው ሲሞት ልቡ ገደለው እንጂ መድኃኒቱ ገደለው አይባልም።

በኮሮና ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። ዴክሳሜታሶን በየፋርማሲው የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በኮሮና ለታመመ ሰው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይ ግን ሐኪሞች ተከፋፍለው ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራው የብሪታንያ ሙከራ በሰኔ ወር እ.ኤ.አ. 2020 መልሱን ሰጠ፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። ብዙ የተወራለት ሃይድሮክሲክሎሮኪን በዚያው ሙከራ ሞትን ሳይቀንስ ቀረ።

ወደ ጎንደር ልመለስ፤ ለእኔ የዚህ አሠራር ፍሬ ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚያ ነውና። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ካልታከሙት በአብዛኛው ይገድላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ከደጋ ወርደው በሁመራና በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚያርሙና የሚያጭዱ፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣት የቀን ሠራተኞችን ነው። የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መርፌዎችን በየቀኑ ለ17 ቀናት መውጋት ነው። ሲደመር ቢያንስ 34 መርፌ፤ ሥጋ ባለቀበት ሰውነት ላይ። ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ የመርፌው ሕመም ሳይበቃ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል።

በህንድ የተሻለ ነገር ከተገኘ እሱን ለምን አናመጣም? ተሞክሯል። ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር በሚሰጥ የአንድ ጊዜ ጠብታ ብቻ በህንድ ከ100 ሰዎች 95 የሚሆኑትን አድኗል። በኢትዮጵያና በሱዳን በዕጣ ሲሞከር ግን በአንድ ጊዜ ጠብታ የዳኑት ከ60 በመቶ በታች ነበሩ። ፓሮሞማይሲንም ብቻውን ሲሰጥ በህንድ የሠራው መጠን በምሥራቅ አፍሪካ አልበቃም። የህንድን ውጤት አምኖ መመሪያ ለውጦ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው «ድነሃል» ተብሎ ወደ ሜዳው ተመልሶ በሽታው ያገረሽበት ነበር?

ስለዚህ ጎንደርን ጨምሮ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ ባሉ ሰባት ማዕከላት ሌላ ሙከራ ተደረገ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው፤ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የሚያመውን የስቲቦግሉኮኔት መርፌ አውጥተን በእሱ ፈንታ ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ እንክብል ብንሰጥ፣ ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀናት ብቻ፣ ያው ውጤት ይገኛል ወይ? መርፌው ከ34 ወደ 14 ይወርዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍላጎቱ አዲሱ እንዲበልጥ አልነበረም። ብዙ አለመበለጡ ይበቃል፤ ቢመሳሰል እንኳ ታማሚው 20 መርፌ አትርፏል። አጥኚዎቹ «ብዙ» የሚለውን ቃል ውጤቱን ሳያዩ በቁጥር ገደቡት፤ ከ100 ሰዎች 7። ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ለራሱ የሚመቸውን ገደብ ያበጃል።

መርፌንና እንክብልን ከታማሚው መደበቅ አይቻልም፤ ሁሉም የደረሰውን ያውቃል። ስለዚህ ዳነ አልዳነም የሚለው ለስሜት አልተተወም። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ተሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። ከዚያ ስድስት ወር መጠበቅ አለ፤ ምክንያቱም ካላዛር ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል። አስቡት፤ የመኸር ሥራ ያለቀበት የቀን ሠራተኛ ወደ ትውልድ ቀበሌው ተበትኗል፣ ስልኩ ጠፍቷል ወይም ተለውጧል፤ እሱን ፈልጎ ለቀጠሮው ማምጣት ነው ሥራው። የዕጣው ፕሮግራም ከዚህ ጋር ሲወዳደር ቀላሉ ነገር ነው።

ውጤቱስ? በስድስት ወር ሲታይ በአዲሱ ጥምረት 91.2 በመቶ፣ በአሮጌው 91.8 በመቶ ድነዋል። ልዩነቱ ከ100 ሰዎች ከአንድ ሰው በታች ነው። ነገር ግን በየቡድኑ ያሉት 170 ያህል ሰዎች ብቻ ስለሆኑ እውነተኛው ልዩነት ሊሰፋ ይችላል፤ በስሌቱ እስከ 7.4 ይደርሳል። የተቀመጠው ገደብ 7 ነበር! ሕክምናውን በመመሪያው መሠረት የፈጸሙት ብቻ ሲቆጠሩ ግን 92 ለ91.7 ሆኖ በገደቡ ውስጥ ይቆያል። አጥኚዎቹ ሁለቱንም ጽፈዋል፤ በዋናው ስሌት ልዩነቱ ገደቡን በጥቂቱ ሊሻገር እንደሚችል አልደበቁም። እኔ ይህን ጥናት የማምነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አዲሱ ጥምረትም ቢሆን ዕዳ አለበት፤ ሚልቴፎሲን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት የእርግዝና መከላከያ ሳትጀምር አይሰጣትም።

ታካሚን በዕጣ መመደብ ግፍ ነው የሚሉ ሰዎች ጥያቄ በሌላ በኩልም መታየት አለበት። ግፍ የሚሆነው አንዱ እንደሚበልጥ እየታወቀ ዕጣ ሲጣል ነው። ሳይታወቅ ግን ያለ ዕጣ መስጠትም ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሳይመዘግበውና ታማሚው ሳይፈቅድ መካሄዱ ነው። በትክክለኛው አሠራር የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ፈቃድ ይሰጣል። ውጤታማ ሕክምና ላለው ገዳይ በሽታ መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ብቻ አይሰጥም፤ የሚነጻጸረው ከነባሩ ሕክምና ጋር ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በምስክር ፊት ይነበብለታል፣ ከተስማማም በጣቱ ይፈርማል። በየመሃሉ ውጤቱን የሚያይ ከአጥኚዎቹ የተለየ ቡድን አለ፤ አደጋ ካየ ያስቆማል፣ በልብ መድኃኒቶቹ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደሆነው።

«በምርምር ትሳተፋለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሳያፍር ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ዕጣው ባይደርሰኝ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? አልፈልግም ብል ወይም ከጀመርኩ በኋላ ብተው ሕክምናዬ ይቋረጣል ወይ? በመድኃኒቱ ምክንያት ብጎዳ ማን ያክመኛል? ለእነዚህ ጥርት ያለ መልስ ካልተሰጠ አለመፈረም መብት ነው፤ ከሆስፒታሉም የሚያስባርር አይደለም።

በካላዛር በኩል የቀረችው የፓሮሞማይሲን መርፌ ናት። ያለ ምንም መርፌ ብቻውን በአፍ የሚወሰድ ኤል.ኤክስ.ኢ.408 የተባለ አዲስ መድኃኒት ከህንድ ቀጥሎ በኢትዮጵያም በተወሰኑ ሕሙማን ላይ ወደሚደረገው ሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ገብቷል። በህንድ የሚገኘው ውጤት ለመተማው የቀን ሠራተኛ እንደማይበቃ ካለፈው ታይቷል።