የሌንስ ዕድሜ ከሲሪያል ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ተምረው ከተመለሱት ውስጥ ዜኒት ካሜራ ይዘው የመጡ ነበሩ። ዜኒት ላይ የሚገኘው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ሄሊዮስ-44 ነው። የፊት መስታወቱን በከበበው ቀለበት ላይ የሌንሱ ስም፣ 2/58 የሚል ጽሑፍ እና አንድ ረዘም ያለ ቁጥር፣ ማለትም ሲሪያል ቁጥሩ፣ ተቀርጿል። ቁጥሩ በ78 ከጀመረ ሌንሱ የ1978 ነው። ይህ 78 ግን የእኛ 78 አይደለም። የፈረንጅ ነው። በእኛ ሲሰላ 1970 ወይም 71 ላይ ይወድቃል። «የሰባ ስምንት ዕቃ ነው» ብሎ የሚያወራ ሰው ሌንሱን በስምንት ዓመት ገደማ ልጅ አድርጎታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሲሪያል ቁጥር ለገዢ ተብሎ የተጀመረ ነገር አይደለም። ፋብሪካው ለራሱ ነው የሚጽፈው። የትኛው ሌንስ መቼ እንደተሠራ፣ ለማን እንደተላከ፣ ለጥገና ሲመለስ ከየትኛው ዙር እንደሆነ ለማወቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደመሰለው ቆጠረ። አንዱ ዓመቱን ቁጥሩ ውስጥ ከተተው። ሌላው ዝም ብሎ ወደ ላይ ቆጠረ፤ እዚህ ላይ በየዓመቱ ከስንት እስከ ስንት እንደተቆጠረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ካልተገኘ ቁጥሩ ብቻውን ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ሲሪያሉን ትቶ ዓመቱን በፊደል ጻፈው። ለአንዱ የሠራው ንባብ ለሌላው አይሠራም። በ78 የሚጀምር የኒኮን ሌንስ ከ1978 ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ለጀማሪ የሚቀሉት የሶቭየቶቹ ናቸው። ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ፣ የሊትካሪኖው፣ የቫልዳዩ፣ የሚንስኩና የኪየቩ አርሴናል ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ለዓመቱ ይሰጡ ነበር። ሄሊዮስም፣ ጁፒተርና ኢንዱስታር የሚባሉት ሌንሶችም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። ይህ ልማድ እንጂ የተጻፈ ሕግ አይመስልም። በ1950ዎቹ የወጡ አንዳንድ ሌንሶች ቁጥራቸው በዜሮ ይጀምራል፤ ያ ተራ ቆጠራ ነው። ዜሮውን አይቶ «የ2000 ነው» ያለ ሰው መኖሩን አልጠራጠርም።

ከቁጥሩ አጠገብ የፋብሪካው ምልክት አለ። የክራስኖጎርስክ ምልክት ብርሃን የሚያልፍበት ፕሪዝም ነው። ይህን ማየት ያስፈለገበት ምክንያት፣ ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው አንድ ዓይነት ሌንስ በክራስኖጎርስክም፣ በቫልዳይም፣ በሚንስክም ስለተሠራ ነው። ሁለት ሌንሶች ተመሳሳይ ስምና ተቀራራቢ ቁጥር ኖሯቸው የተለያየ ከተማ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ዜኒት ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። የካሜራው ቦዲ ላይም ቁጥር አለ፤ እሱም እንደዚሁ ብዙ ጊዜ በዓመት ይጀምራል። ሁለቱ ዓመቶች ከተገጣጠሙ ሌንሱና ቦዲው አብረው ሳይሸጡ አልቀሩም። ከተራራቁ በመሀል አንዱ ተቀይሯል። ዜኒት-ኢ የሚባለው ከ1965 ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተ ካሜራ ነው፤ ስለዚህ ሌንሱን እየፈቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መግጠም የትም የነበረ ነገር ነው። የኦሊምፒክ ቀለበት ያለበት ዜኒት-ኢ ካጋጠማችሁ ቁጥር ማየትም ላያስፈልግ ይችላል። የ1980ውን የሞስኮ ኦሊምፒክ ምክንያት አድርጎ የወጣ ነው።

የሄሊዮስ ዘር ግን ጀርመን ነው። የተቀዳው ባዮታር ከሚባለው የካርል ዛይስ ድርጅት ሌንስ ነው፤ ጁፒተር ከሚባሉትም አብዛኞቹ ዞናር ከሚባለው የዛይስ ሌንስ የመጡ ናቸው። ወደ ዛይስ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል፣ ይጣፍጣልም።

ካርል ዛይስ ዬና ከተማ ላይ ሥራውን የጀመረው በ1846 ነው። በዚያን ጊዜ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ነበር። የፎቶ ሌንስ የመጣው በ1890 ሲሆን፣ ቴሳር የሚባለው ዝነኛ ሌንስ ደግሞ በ1902። ዬና ቁጥር የሰጠችው በተከታታይ ነው። ቴሳርም ይሁን ዞናር በአንድ ረጅም ወረፋ ላይ ተሰልፏል። በ1937 ቆጠራው 2 ሚሊዮንን አልፏል። ስለዚህ 1 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ቁጥር ያለው የዬና ሌንስ የ1930ዎቹ ዕቃ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። 3 ሚሊዮንን የተሻገረ ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመን ገብተናል። በመካከል ያሉት የጦርነት ዓመታት ድፍርስ ናቸው። ቁጥር ይዘለላል፤ ቀድሞ የተመደበ ቁጥር ቆይቶ በተገጣጠመ ሌንስ ላይ ይወጣል።

በ1945 ዬና መጀመሪያ የገቡት አሜሪካኖች ነበሩ። ከተማዋን ለሶቭየቶች ለቀው ሲወጡ የዛይስን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ይዘው ወደ ምዕራብ ሄዱ። ከእነሱም በምዕራብ ጀርመኗ ኦበርኮኸን ሌላ ዛይስ ተወለደ። የመጀመሪያዎቹ የምዕራቡ ሌንሶች «ዛይስ-ኦፕቶን» ይላሉ፤ የራሳቸው ቆጠራም አላቸው። የምሥራቁ ዛይስ የቀድሞውን ወረፋ ይዞ ቀጠለ። አንድን የዛይስ ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ከመፈለግ በፊት ሌንሱ ከየትኛው ዛይስ እንደሆነ መለየት የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያለዚያ በትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ዕድሜ ይገኛል።

ሁለቱ ድርጅቶች በስሙ ተካሰሱ። የምሥራቁ በብዙ የምዕራብ ገበያዎች «ካርል ዛይስ» ብሎ መሸጥ አልቻለም። ስለዚህ ወደዚያ የተላኩ ሌንሶች ላይ «አውስ ዬና»፣ ማለትም «ከዬና»፣ ብቻ ተጻፈ። የሌንሱ ስምም በአንድ ፊደል ተቆረጠ፦ ቴሳር «ቲ»፣ ዞናር «ኤስ»፣ ባዮታር «ቢ» ሆኑ። ይህን የሚያይ ሰው ርካሽ ቅጂ ይመስለዋል። ሌንሱ ግን ያው ነው። የጽሑፉ አጻጻፍ ራሱ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን መሆኑን ይመሰክራል።

ትልቁ ወጥመድ መጨረሻ ላይ ነው። የዬና ቆጠራ ወደ 10 ሚሊዮን ከተጠጋ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ አካባቢ፣ እንደገና ከትንሽ ቁጥር ተጀመረ። «ኤምሲ» የሚል የብዙ ንብርብር ልባስ ምልክት ያለበት ዞናር ትንሽ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። በሠንጠረዡ ብቻ ከሄድን የአፄ ምኒልክ ዘመን ዕቃ ሊመስለን ነው። እውነቱ ግን የ1980ዎቹ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን የሚያግዙ ሌሎች ምልክቶች ይገባሉ። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የመስታወት ልባስ የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 ፓተንት አስወጣበት። ከጦርነቱ በፊት ለሰፊው ገበያ የወጡት ሌንሶች በአብዛኛው ይህ ልባስ የላቸውም፤ ብርሃን ላይ ሲያዙ እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ነጸብራቅ ይሰጣሉ። ልባስ ያላቸው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ያሳያሉ። ዛይስ ላይ የሚቀረጸው ቀይ «ቲ» ልባስ እንዳለው ለማስታወቅ ነው፤ ከቴሳሩ «ቲ» ጋር አይምታታ። የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ቁጥሮችም ይናገራሉ። ዛሬ የለመድነው 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11 ነው። የድሮዎቹ የጀርመን ሌንሶች ግን 4.5፣ 6.3፣ 9፣ 12.5፣ 18 እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ያየ ሰው ገና ሲሪያሉን ሳያነብ ሌንሱ ሽማግሌ መሆኑን ያውቃል።

ላይካ የሚባለውን የጀርመን ካሜራ ሌንሶች ይሠራ የነበረው ላይትስም ሠንጠረዥ አለው፤ ሰብሳቢዎች ከልብ የሚያጠኑት ነው። ሁለት ነገር ማወቅ በቂ ነው። በ1925 የወጣችው የመጀመሪያዋ ላይካ ሌንሷ ከቦዲው ጋር የተጣበቀ ስለነበር ሌንሱ የራሱ ቁጥር የለውም፤ የሚታየው የቦዲው ነው። ሁለተኛው፣ ላይትስ ቁጥሮችን በጅምላ አስቀድሞ ለአንድ የሌንስ ዓይነት ይመድብ ነበር። ምድቡ በ1964 መዝገብ ላይ ቢገኝም ሌንሱ የተገጣጠመው ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ወደ 1964» እንጂ «1964» ማለት አያስኬድም።

አሜሪካኖቹና ስዊድኖቹ ደግሞ በቃል ተጫወቱ። ኮዳክ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኤክታር በሚባሉት ሌንሶቹ ሲሪያል ፊት ሁለት የላቲን ፊደላት ያስቀምጥ ነበር። ቁልፉ «ካሜሮሲቲ» የሚል የፈጠራ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ (CAMEROSITY) አሥር የማይደጋገሙ ፊደላት አሉት፤ በቅደም ተከተል ከ1 እስከ 9፣ የመጨረሻው ደግሞ ለ0 ይቆማሉ። «ኢ» አራተኛ፣ «ኦ» ስድስተኛ ናቸው፤ ስለዚህ «ኢኦ» ማለት 1946 ነው። ሃሰልብላድም በካሜራ ቦዲዎቹና በፊልም መያዣዎቹ ላይ ይህንኑ ብልሃት ተጠቅሟል። የእሱ ቁልፍ መጀመሪያ «ቪ» እና «ኤች»፣ ከዚያ «ፒክቸርስ» የሚለው ቃል ነው (VHPICTURES)። «ዩቲ» ከሆነ 1976 ነው። ይህ የሚነግረን ግን የቦዲውን ዕድሜ ነው። ሃሰልብላድ ላይ የተገጠመው ሌንስ በአብዛኛው የዛይስ ስለሆነ በዛይስ ቁጥር ይሄዳል።

ካነን ለዘመናችን ሰው የሚቀርበው ነው፤ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው እጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው እሱ ነውና። የድሮ የካነን ሌንስ ላይ ያለው ሲሪያል ዓመት አይናገርም። ሌንሱን ከካሜራው ፍቱና ከኋላ፣ ከቦዲው ጋር የሚገጥምበትን ቦታ እዩ። እዚያ በትናንሽ ፊደል የታተመ «ዩአር0903» ዓይነት ኮድ አለ። የመጀመሪያው ፊደል ፋብሪካው ነው፤ «ዩ» ኡትሱኖሚያ፣ «ኦ» ኦይታ፣ «ኤፍ» ፉኩሺማ። ሁለተኛው ፊደል ዓመቱ ነው። «ኤ» 1986፣ «ቢ» 1987 እያለ ይሄድና «አር» 2003 ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ወሩ ናቸው፤ 09 ግንቦት ሳይሆን ሴፕቴምበር ነው። የቀሩት የፋብሪካው የውስጥ ጉዳይ ናቸው።

የላቲን ፊደል 26 ብቻ ስለሆነ ዙሩ ይደጋገማል። «ኤል» 1971ም 1997ም ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው የሌንሱ ዓይነት ነው። የድሮው ኤፍዲ ከሆነ 1971፣ በ1987 የተጀመረው ኢኤፍ ከሆነ 1997። ካነን ይህን ኮድ ቆይቶ ማተም ተወ። የሚያናድድ ነው። ኮዱ የጠፋበት ሌንስ ሲሸጥ «አዲስ ነው» የሚለውን ቃል በዚህ መንገድ ማረጋገጥ አይቻልም።

ቪቪታር ደግሞ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን አባትንም ይናገራል። ቪቪታር የአሜሪካ ነጋዴ ድርጅት እንጂ የራሱ የሌንስ ፋብሪካ አልነበረውም፤ በጃፓን ያስመርት ነበር። ከ1970 ገደማ በኋላ ባሉት ሲሪያሎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አምራቹን ይገልጻሉ። 22 ኪኖ፣ 28 ኮሚኔ፣ 37 ቶኪና ነው። ሦስተኛው አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ሳምንቱ። 28724 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ኮሚኔ፣ 7 የሚያልቅ ዓመት፣ 24ኛው ሳምንት ማለት ነው። 1977 ይሁን 1987 የሚለውን ከሌንሱ ሞዴል ማወቅ ነው። ይህ ተራ ጨዋታ አይደለም። ሲሪዝ 1 የሚባለው 70-210 ዙም በሦስቱም አምራቾች በየተራ ተሠርቷል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ስም አንድ ሲሆን ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

ኒኮንን በአጭሩ ልለፈው። እያንዳንዱ የሌንስ ዓይነት የራሱ መነሻ ቁጥር ስላለው ሠንጠረዡ በሌንስ ዓይነት ነው የሚነበበው። ፈጣኑ መንገድ ጽሑፉን ማየት ነው። «ኒፖን ኮጋኩ» የሚል ከሆነ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ «ኒኮን» ይላል። «ኒኮር» ከሚለው ስም አጠገብ ያለችው ፊደል፣ ለምሳሌ «ኤች» ወይም «ኤስ»፣ ዓመት አይደለችም። ሌንሱ ውስጥ ስንት መስታወት እንዳለ ነው የምትናገረው፤ «ኤች» ስድስት፣ «ኤስ» ሰባት።

የትኛውም ቁጥር ከተቀረጸበት ቀለበት በላይ አይታመንም። በብዙ ሌንሶች ላይ የፊት ቀለበቱ ተጠማዝዞ የሚወጣ ነው። ከተሰበረ ሌንስ ላይ ነቅሎ ሌላው ላይ ማሰር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚሠራው ነው። በሶቭየት የተሠሩ ፌድና ዞርኪ ካሜራዎች ከላይካ የተቀዱ ስለሆኑ፣ ጽሑፋቸው ተፍቆ «ላይካ» ተብለው ብዙ ተሸጠዋል። ሌንሱም ላይ «ኤልማር» የሚለው የላይካ ሌንስ ስም እና የ1930ዎቹን ሠንጠረዥ የሚገጥም ቁጥር ይቀረጽበታል። አንዳንዱ በወርቅ ቀለም ተለብጦ፣ የጀርመን ጦር ንስር ታትሞበት ይመጣል። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ሁሉ ነገር ልክ ነው። ሌንሱን ፈትታችሁ በካሜራው አፍ ውስጥ ፎከሱን ከሌንሱ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ብረት እዩ። በእውነተኛዋ ላይካ ክብ፣ የምትሽከረከር ጎማ ነች። በፌድና በዞርኪ ግን የማትሽከረከር፣ ሾጠጥ ያለች ብረት ነች።