ሳይመጣ የቀረው የጣና ባቡር

ባህርዳር ባቡር ገብቶባት አያውቅም። ግን እንግሊዝና ጣሊያን በኢትዮጵያ መሬት ላይ ስለሚዘረጋ ሃዲድ ሲደራደሩ በሌላኛው እጃቸው የያዙት የጣናን ውሃ ነበር፣ አንዱ ባቡሩን ሌላው ውሃውን እንዲወስድ። ይሄን ታሪክ የአባይ ጉዳይ የዛሬ አስር አመት የተጀመረ ለሚመስለው ሰው ሁሉ መንገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት አመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጣና ለምን ተፈለገ? ሱዳን ከሚደርሰው አባይ ውስጥ ከሀይቁ የሚወጣው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛው ከታች በረሃው ውስጥ ገባር ወንዞች የሚጨምሩት ነው። የእንግሊዞቹ ኢንጂነሮች ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሀይቁ ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎሜትር አያንስም፣ አባይ ደሞ የሚወጣው እዚሁ ባህርዳር ጫፍ ላይ ነው፣ ስለዚህ መውጫው ላይ ትንሽ ግድብ ሰርተህ ውሃውን አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ብታደርገው ወደ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አጠራቀምክ ማለት ነው፣ ያውም አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ደጋ ላይ። ለግብፅና ለሱዳን ጥጥ ከዚህ የተሻለ ጎተራ የት ይገኛል? ለዚህ ነው ገና በ1902 እና 1903 ዱፑዊ የሚባል ሰው ሀይቁን እንዲያጠና የተላከው፣ በ1920 እና 21 ደግሞ ሌላ ሚሽን መጥቶ በደንብ ሰርቬይ ያደረገው።

ባቡሩ የሚገባው እዚህ ጋር ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ከ1897 ጀምሮ በሱዳን በረሃ ሃዲድ እየዘረጋ ነው ካርቱምን የያዘው፣ ባቡሩም በ1899 መጨረሻ እዛው ደረሰ። ያን ጊዜ መተማ የቁስል ቦታ ነበረች፣ አፄ ዮሐንስ በ1889 ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዛ ነው፣ ድንበሩም ገና አልተሰመረም። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ድንበሩን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ነገር ይዟል፦ አንቀጽ 3 ላይ በአባይ፣ በጣና ሀይቅና በሶባት ወንዝ ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ስራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግስት ጋር ሳይስማሙ እንደማይሰሩ፣ አንቀጽ 5 ላይ ደሞ እንግሊዝ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት በኩል መዘርጋት እንደምትችል። አንድ ወረቀት ላይ ውሃም ባቡርም!

ፈረንሳይ በበኩሏ ከጅቡቲ በኩል ነበረች። ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ የሚያቆም አልነበረም፣ እስከ ከፋና እስከ ነጭ አባይ ድረስ የሚል ነበር፣ ፈረንሳዮች በ1898 ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተፋጠጡትም በዚያው ነጭ አባይ ዳር ነው። የፈረንሳይ መንግስት በ1902 ከባቡር ካምፓኒው ጋር ምኒልክን ሳያማክር ውል ሲያስር ንጉሱ በጣም ተቆጡ፣ ስራውም ድሬዳዋ ላይ ለአመታት ቆመ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።

ጣሊያንን ያስጨነቃት ሌላ ነው፣ ቅኝ ግዛቶቿ ኤርትራና ሶማሊያ መሀላቸው ኢትዮጵያ አለች። አድዋ ላይ በጦር ያላገኘችውን በሃዲድ ልታገኘው ፈለገች። በታህሳስ 1906 ሶስቱ ለንደን ላይ ተቀምጠው ተከፋፈሉ፣ የጅቡቲው መስመር ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ባቡር እና የናይል ውሃ ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚያገናኘው ለጣሊያን። ካርታ አውጥታችሁ እዩት፣ ይሄ የመጨረሻው መስመር ወይ ጎንደርን ወይ ጎጃምን ሳይነካ ማለፍ በጣም ይከብደዋል። ምኒልክ ውሉ ሲደርሳቸው አመስግነው ነገር ግን ስልጣናችንን በምንም አይገድበውም ብለው ነው የመለሱት።

በጣም የሚያናድደው ግን የ1925ቱ ነው። በታህሳስ ወር በሮም የእንግሊዝ አምባሳደር ሰር ሮናልድ ግራሃም እና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ጣሊያን እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሰራና ከሱዳን እስከ ሀይቁ የመኪና መንገድ እንድታወጣ ትደግፋለች፣ እንግሊዝ ደሞ የጣሊያንን ባቡር ትደግፋለች፣ በዛ ላይ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጣሊያን ብቻ የኢኮኖሚ ክልል ነው ብላ ትቀበላለች። የሚገርመው ጣሊያን በ1919 ይሄንኑ ስትጠይቅ እንግሊዝ እምቢ ብላ ነበር። ባለቤቱን ግን የጠየቀው የለም፣ ጎጃምም አዲስ አበባም አልተጠየቁም።

ራስ ተፈሪ ዝም አላሉም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግስታቱ ማህበር አባል ሆና ስለነበር በሰኔ 1926 አቤቱታ አስገቡ፣ ፍሬ ነገሩም ማህበሩ ውስጥ ስንገባ ሁሉም አገር እኩል ነው፣ ነፃነቱም ይከበራል ተብለን ነበር፣ አሁን ሁለት አባላት በኛ ጉዳይ ያለኛ ተስማምተው ጫና ሊያደርጉብን ነው የሚል ነው። ፈረንሳይም ሳትጠየቅ በመቅረቷ ደስ አላላትም። ለንደንና ሮም ማስገደድ አላሰብንም ብለው አፈገፈጉ። እኔ ይሄን ከድሎቻችን አንዱ አድርጌ ነው የማየው፣ ጥይት ሳይተኮስ የተገኘ ስለሆነ ብዙ አይወራለትም እንጂ። ተፈሪ ከዛም አልፈው ግድቡን ራሳችን እናሰራለን ብለው ሀኪም ወርቅነህ እሸቴን በ1927 አሜሪካ ላኩ፣ ጄ ጂ ዋይት የሚባል የኒውዮርክ ካምፓኒም ጥናቱን ያዘ፣ ግን ብዙ ሳይቆይ የ1935ቱ ወረራ መጣና ሁሉም ነገር ተቋረጠ።

ሃዲዶቹ ራሳቸው ተናጋሪ ናቸው። የጅቡቲው ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር፣ የሱዳኑ 1,067፣ የኤርትራው 950። አንዱ መስመር ላይ ያለ ፉርጎ ሌላው ላይ መሄድ አይችልም። ከምፅዋ የተነሳው ባቡር አስመራ በ1911፣ ከረን በ1922፣ አቆርዳት በ1928 እያለ ወደ ሱዳን ድንበር ተጠጋ፣ የሱዳኑ ደግሞ በ1924 ከሰላ ገባና ወደ ገዳሪፍ ወረደ። ሁለቱም በኛ ድንበር አካባቢ ሲያንዣብቡ ኖረው ሳይገናኙ ቀሩ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ጎንደርን ከአስመራ ያገናኘችውም በወልቀፊት ገደል በቀደደችው የመኪና መንገድ ነው እንጂ በባቡር አይደለም፣ እሱም ቢሆን በህዳር 1941 ጎንደር ላይ እጅ ሰጥታ ወጣች።

ውሃው የተገደበው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ እንግሊዞቹ የተመኙት መውጫ ላይ የጨራ ጨራ ግድብ በ1996 አለቀ፣ ጣና በለስ ደሞ በ2010 በ460 ሜጋዋት ስራ ጀመረ፣ ሁለቱም ለመብራት ነው የተሰሩት፣ የሱዳን ጥጥ የለበትም። ባቡሩ ግን ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ወልዲያ አቅጣጫ ነው የተሰራው፣ ከወልዲያ በወረታ አድርጎ ወደኛ ይመጣል የተባለው መስመር እስካሁን ፕላን ላይ ነው ያለው፣ ከባህርዳር የሚወጣው ጭነት ደግሞ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ወልዲያ በአይሱዙና በተሳቢ ነው የሚጓዘው።