ኤልሳቤጥ፦ ከኤሊሼቫ እስከ ኢዛቤላ

ኤልሳቤጥ ከዕብራይስጡ «ኤሊሼቫ» የመጣ ስም ነው። «ኤሊ» አምላኬ ማለት ነው። «ሼቫ» ደግሞ ከሰባትም ከመሐላም ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ብዙዎች «አምላኬ መሐላዬ ነው» ብለው ይፈቱታል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ቀድማ በዚህ ስም የምትጠራው የአሮን ሚስት ናት (ዘጸአት 6፥23)። ሁላችንም የምናውቃት ግን የዘካርያስ ሚስት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ እናት ናት። እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ሄዳ ሰላም ስትላት ፅንሱ በማኅፀኗ ዘለለ። ስሙን በክርስቲያኑ ዓለም ያስወደደው ከምንም በላይ ይህ ታሪክ ይመስለኛል።

ዕብራይስጡ መጨረሻው ላይ «ት» የለውም። በግሪክኛው ትርጉም ግን «ኤሊሳቤት» ሆነ። ግዕዝ የግሪኩን «ት» በ«ጥ» መጻፍ ልማዱ ነው፤ ጴጥሮስና ጢሞቴዎስም እንዲሁ ናቸው። የእኛ ኤልሳቤጥ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው።

ሩሲያ ዬሊዛቬታ፣ ፖላንድ ኤልዥቤታ፣ ጣሊያን ኤሊዛቤታ፣ ስኮትላንድ ኤልስፔት ትላለች። ሀንጋሪዎች ኤርዤቤት ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1207 የተወለደችው፣ ድሆችንና በሽተኞችን ስትረዳ ኖራ በ1231 ገና በ24 ዓመቷ ያረፈችው ቅድስት ኤልሳቤጥ የእነሱ ንጉሥ ልጅ ናት።

ከሁሉም የሚገርመኝ የስፔንና የፖርቱጋሉ ነው። እዚያ ስሙ የፊቱን «ኤል» ጥሎ፣ ጫፉንም ለውጦ ኢሳቤል ሆነ። ኢዛቤላም የዚሁ ልጅ ናት። መልኩ በጣም ስለተለየ ሌላ ስም ይመስላል። ነገር ግን በአንዳንድ የስፔንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች የዮሐንስ እናት ኢሳቤል ናት። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትም በስፔኖች ዘንድ «ኢሳቤል ሁለተኛ» ነበረች። ኮሎምበስን የላከችው የካስቲል ንግሥት ኢሳቤልም ያው የዘካርያስ ሚስት ሞክሼ ናት ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ያደረግነው ተመሳሳይ ነው። እንግሊዞቹ «ኤሊዛቤዝ» ሲሏት የኖሩትን ንግሥት እኛ በግዕዙ ስም ኤልሳቤጥ አልናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ኢትዮጵያን ጎብኝታለች።

የቁልምጫው ነገር ማለቂያ የለውም። ሊዛ፣ ኤልሳ፣ ሊስቤት፣ ቤዝ ሁሉም ከዚሁ የወጡ ናቸው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ ደግሞ ሲሲ ትባል ነበር፤ በቡዳፔስት በስሟ የተሰየመ ድልድይ አለ። እኛ ሰፈር ኤልሲ ወይም ቤቲ ትባላለች፤ ቤቲን ግን ከቤተልሔሞች ጋር መጋራቷ አልቀረም።