የቆየ ከርነል በኒክስ-ኦኤስ፦ የሚፈራው ሌላ፣ የሚያስቸግረው ሌላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) የሚነካኩ የማውቃቸው ልጆች ኒክስ-ኦኤስ የሚባለው ዓይነቱ ሲነሣ ይሸሻሉ። ሲስተሙ የሚመራው በጽሑፍ ፋይል ነው። የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ፣ እሱ እንደተጻፈው ያዘጋጃል። በዚያ ላይ የቆየ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ ከተጨመረበትማ ወሬው አያልቅም። እኔን እዚህ ውስጥ የከተተችኝ ዲሽ የማስተካክልባት አንዲት የዩኤስቢ ሪሲቨር ናት። ድራይቨሯ፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኛት ፕሮግራም፣ ከከርነል 4.19 በኋላ ከወጣው ጋር አልስማማም አለ።

«የቆየ ከርነል ከፈለግህ የግድ ራስህ ኮምፓይል ታደርጋለህ»

ኮምፓይል ማለት የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየር ነው። የግድ አይደለም። ከርነሉ ድጋፉ ካላበቃ ፋይሉ ላይ ቁጥሩን መቀየር ይበቃል፤ ተሠርቶ ያለቀው ከኢንተርኔት ይወርዳል። 4.19 ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ዲሴምበር 2024 ላይ ድጋፉ አበቃ። ራስ መሥራት የሚመጣው እንዲህ ላለው ነው።

«መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ አለቀለት»

ይህን ለሚያምን ሰው አይፈረድበትም፤ መብራቱን እናውቀዋለን። እኔም ደርሶብኛል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከርነሉን ሲፈጭ ቆይቶ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ በድሮው ከርነል ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። ኒክስ፣ የኒክስ-ኦኤስ ጥቅል ሠሪ፣ አዲሱን የሚሠራው ለብቻው ቦታ ነው። ሳይጨርስ ሲስተሙን ወደዚያ አያዞረውም። ከጨረሰ በኋላም የቀድሞው ሲስተም በማስነሻው ዝርዝር ላይ ይቆያል፤ አዲሱ እምቢ ካለ የትናንቱን መርጦ መነሣት ነው።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ኮምፓይሉ ከዜሮ ይጀምራል! በእጅ ሲሠራ ካቆመበት መቀጠል ይቻል ነበር። ኒክስ ግን ከርነሉን እንደ አንድ ሥራ ስለሚያይ ግማሽ አይቀበልም። ቀድሞ ያወረደውና የጨረሰው ሌላው ጥቅል አለመጥፋቱ ደግ ነው። በማግስቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንደገና ለኮስኩትና ተኛሁ።

«ፋይሉ ላይ ከተጻፈ ይሠራል»

ማንም የማይፈራው ይሄን ነው፤ እኔን ያለፋኝ ግን ይሄ ነው። ፋይሉ የ2018ን ኮድ ለዛሬ ኮምፓይለር አያስተካክልም። ድሮ አንድ ቫሪያብል በስህተት ሁለት ቦታ ቢታወጅ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ዝም ብሎ ያዋህደው ነበር። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 ይህን ልማድ ተወ። ቀደም ያሉት የ4.19 እትሞች እዚያ ላይ ይወድቃሉ። በኋላ የወጡት ይህቺን አርመዋል፤ ኮምፓይለሩ በታደሰ ቁጥር ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። መፍትሔው ከድሮው የኒክስ ጥቅል ጂሲሲ 9ን አምጥቶ ለከርነሉ ብቻ መስጠት ነው። ሌላው ሲስተም በአዲሱ ይቀጥላል። ሁለት ኮምፓይለር ሳይጣላ አንድ ቤት ማደሩ፣ ለእኔ ኒክስን ያስወደደኝ እሱ ነው።

ከርነሉ ኮምፓይል ሆነ ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም። ሲስተሙን የሚያስነሣውና አገልግሎቶቹን የሚመራው ፕሮግራም፣ ሲስተምዲ፣ በ258 እትሙ ቢያንስ ከርነል 5.4 ይፈልጋል። ስለዚህ ከ4.19 ጋር የምትቆዩ ከሆነ ቀደም ባለ የኒክስ-ኦኤስ እትም ላይ ቆዩ።

«ያለ ፈጣን ኢንተርኔት አይሞከርም»

የከርነሉ ኮድ ታሽጎ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። የእኔን ጓደኛዬ ከባሕር ዳር በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ኒክስ ፋይሉ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ አሻራው፣ ማለትም ሃሹ፣ ከተጻፈው ጋር ከገጠመ ይቀበላል። አንዲት ባይት ከተለየች አይሆንም ይላል።

«የቆየ ስለሆነ የተፈተነ ነው»

ተፈትኗል፣ ግን ድጋፉ ካበቃ ወዲህ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍንለት የለም። በ4.19 ስነሣ ዋይፋዩን እዘጋለሁ። በአንድ ፋይል ሁለት ማስነሻ ማስቀመጥ ስለሚቻል፣ ዲሹ ጋ ጣራ ላይ ስወጣ 4.19ን እመርጣለሁ፣ ስወርድ አዲሱን።