የቱርቦ አየር ቱቦዎችና አተሳሰራቸው በጎንደር

ቱርቦ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮች የሚያስገባ መሣሪያ ሲሆን፣ ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል። አየሩ ከፊልትሮው (ከአየር ማጣሪያው) ተነሥቶ በቱርቦውና ታምቆ የሞቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር አልፎ ሞተሩ እስኪደርስ የሚጓዝበት መስመር አንድ ወጥ ቧንቧ አይደለም። ሞተሩ በጉልበት ሲሠራ በማረፊያዎቹ ላይ ይወዛወዛል፤ ኢንተርኩለሩ ግን ከመኪናው አካል ጋር ታስሮ የቆመ ነው። ስለዚህ ጠንካራዎቹን ቧንቧዎች የሚያገናኛቸው የሚተጣጠፍ የጎማ ወይም የሲሊኮን ቱቦ ሲሆን፣ ቱቦውን በቦታው የሚይዘው ደግሞ በጋራዥ ቋንቋ ፋሸታ የሚባለው የብረት ማሰሪያ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት 0.78 ባር አካባቢ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ሞተር በቱቦው ውስጥ 2 ባር ፍጹም ግፊት (ማለትም ከውጭው አየር ሳይሆን ከባዶ ተነሥቶ የሚለካ ግፊት) እንዲኖር ቢታዘዝ፣ በባሕር ጠረፍ በቱቦው ውስጥና ውጭ ያለው ልዩነት 1 ባር ሲሆን እዚህ ግን 1.22 ባር ይደርሳል። ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ላይ ይህ ልዩነት ቱቦውን ከቧንቧው ለማስወለቅ በ35 ኪሎ ሸክም ያህል ይገፋዋል። ጭነት ይዞ ከመተማ ቆላ ወደ አዘዞ ለሚወጣ ወይም ሊማሊሞን ለሚቧጥጥ መኪና ይህ ጫና ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ስለሆነ፣ በሜዳ መንገድ ችግር ያላሳየ መጋጠሚያ ዳገት ላይ ቢፈታ የሚያስገርም አይደለም።

የመጋጠሚያው ጥንካሬ የሚጀምረው ከፋሸታው ሳይሆን ከቧንቧው ጫፍ ነው። ጫፉ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፋሸታውም ከዚህ ጠርዝ ወዲያ፣ ቧንቧው ወደሚቀጥልበት ወገን ተቀምጦ መጥበቅ አለበት። በጠርዙ ላይ የተቀመጠ ፋሸታ የተጠበቀ ቢመስልም ግፊት ሲመጣ ይንሸራተታል። በካቻቢቴ የሚጠበቀው ባለ ጥርስ ፋሸታ ለፋብሪካው ጎማ ይበቃል፤ ለስላሳውን ሲሊኮን ግን በጥርሶቹ ክፍተት ስለሚቆርጠው፣ ለሲሊኮን ባለ ብሎንና ዳዶ ሰፊ ፋሸታ ይመረጣል። ባለ ስፕሪንግ ፋሸታ ደግሞ ቱቦው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አብሮት የሚሰፋና የሚጠብ በመሆኑ፣ ፋብሪካው የገጠመውን አውጥቶ በርካሽ መተካት ትርፍ የለውም። ቱቦው በቀላሉ እንዲገባ ተብሎ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዘይቱ ለማስገባት እንደረዳ ሁሉ ለማስወለቅም ይረዳል፣ ጎማውንም እያለሰለሰ ያበላሸዋል። ጫፉን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅና በትንሽ ውኃ ማስገባት ይሻላል። መንገድ ላይ በከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭና በሽቦ ማሰር እስከ ከተማ ለመድረስ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሽቦው ቱቦውን ስለሚቆርጠው አንድም ቀን ማደር የለበትም።

ከቱርቦው በኋላ ያለ ቀዳዳ በጉልበት ማነስ፣ በፉጨትና በጥቁር ጭስ ይታወቃል። ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ባለው ወገን የሚገኝ ቀዳዳ ግን ድምፅ ሳያሰማ የበጋውን አቧራ ስቦ በማስገባት የቱርቦውን ምላጮች ስለሚበላ፣ የበለጠ ሊፈራ የሚገባው እርሱ ነው። ቀዳዳን ለማግኘት ሞተሩ ጠፍቶ የቱርቦው መግቢያ ይደፈንና፣ ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ከ1 ባር ያልበለጠ አየር በመቆጣጠሪያ ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ሲቀባም አረፋ የሚያወጣው ቦታ ይለያል። አዲስ የታሰረ ቱቦ በመጀመሪያው ሙቀት ስለሚሟሽሽ፣ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋሸታው እንደገና ይጠበቃል።