የዘጌ ደን የቢራቢሮ መንገድ

ዘጌ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው የገባ ደናማ ኮረብታ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በየብስ የሚመጣ በአፋፍ በኩል ይገባል። እንግዳ የሚጎርፈው ለገዳማቱ ነው። ከጀልባ ማቆሚያው ተነሥቶ በቡናው መሀል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ አዝዋ ማርያም የሚያወጣው የእግር መንገድ ግን ረጋ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሌላም የሚያሳየው አለ፤ ጎጃም ውስጥ ለቢራቢሮ እንዲህ የሚመች መንገድ ጥቂት ነው።

ደኑ የተረፈው በገዳማቱ ሥርዓት ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ በመጡ ጊዜ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም ሳያርስ በሦስቱ ፍሬ እንዲኖር ቃል ተሰጠው። የጻድቁን ዘመን አንዳንዱ 13ኛው፣ አንዳንዱ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይለዋል። የቡናን መገኛ በተመለከተ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ያመለክታሉ፤ ይህን ዘጌ ላይ መናገር ይቻላል፣ ማሳመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያም ሆነ ይህ ቡና ጥላ ይወዳልና ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ብሳናውና ዋርካው ሳይቆረጥ ቆየ። በአብዛኛው የጎጃም ገጠር ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የማያልፈው ጥንታዊ ደን እዚህ ኮረብታውን በሙሉ አልብሶታል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቡናው ሥራ የባሪያ ጉልበት ይገባ እንደነበር በታሪክ ጥናት ተጽፏል።  እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን አካባቢ ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው በሚጠበቁበት ቦታነት (ባዮስፌር ሪዘርቭ) መዝግቦታል።

በአማርኛ ሁሉም በደፈናው ቢራቢሮ ነው፤ ማታ መብራት ላይ የምትዞረው ብቻ የእሳት እራት ተብላ ትለያለች። ስለዚህ ዝርያ ለመለየት የሚፈልግ ሰው ከስሙ ይልቅ በቅጠሉ ቢጀምር ይሻለዋል፤ እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው አባጨጓሬዎቿ በሚበሉት ተክል ላይ ነውና። ሎሚ ጥሩ መነሻ ነው። ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቋ የሎሚ ቢራቢሮ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ትራባለች። አባጨጓሬዋ ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት ከራሱ ላይ መጥፎ ሽታ ያለው ቀንድ መሳይ ነገር ያወጣል። የጓሮ ሎሚ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛው ግን የዚያች ውብ ቢራቢሮ ልጅ መሆኑን አይጠረጥርም። የሎሚ ዘመድ የሆነው ልምጭም ለዚሁ ወገን ምግብ ነው።

ከዚሁ ወገን ኢትዮጵያን በሳይንሱ ዓለም ያስጠራው ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ነው። በሌላው አፍሪካ የዚህ ዝርያ ሴቶች በአብዛኛው የክንፍ ጭራ የላቸውም፤ መልካቸውን መርዛማ ቢራቢሮዎችን አስመስለው ከወፍ ያመልጣሉ። አንቲኖሪ የተባለው የኢትዮጵያው ንዑስ ዝርያ ሴቶች ግን በብዛት እንደ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። የማስመሰልን አመጣጥ የሚያጠኑ ሰዎች እኛን ሳይጠቅሱ የማያልፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማስመሰልን በዓይን ለማየት ከጥላው ወጥቶ ወደ ሜዳው ጠርዝ መውረድ ይበጃል። የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ብርቱካናማ ቢራቢሮ፣ ዳናውስ ክሪሲፐስ፣ ቅምቦን ከመሰሉ ወተታም ተክሎች መርዝ ስለምትወስድ ወፍ አይደፍራትም፤ በረራዋም የዝግታ ነው። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ሴት መርዝ ሳይኖራት የእርሷን መልክ ለብሳ ትኖራለች፤ ባሏ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ነጥቦች ስላሉት ጥንዶቹን አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ የሚገምት የለም።

ቻራክሰስ የሚባሉት ፈጣንና ወፍራም ቢራቢሮዎች ወደ አበባ እምብዛም አይሄዱም። ከዋርካና ከሾላ ሥር የወደቀ የበሰበሰ ፍሬ፣ ከግንድ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ፋንድያ ይስባቸዋል።

ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ ገና ለምለም፣ አበባውም ብዙ ነው። ቢራቢሮ ክንፏን በፀሐይ ሳታሞቅ አትነሣም፤ ስለዚህ ማልዶ መድረስ ብዙ አይጠቅምም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ይበቃል። ጥቅጥቅ ባለው ጥላ ውስጥ ከመቆየት ይልቅ ፀሐይ ሰንጥቃ የምትገባበት ክፍት ቦታ ላይ መቆም ነው የሚያዋጣው። የራስን ጥላ እንስሳው ላይ አለመጣልም ጠቃሚ ነው። ሲመለሱ በሐይቁ ዳር ያለውን እርጥብ ጭቃ ማየት አይዘንጋ፤ በሞቃት ቀን ወንዶቹ ክንፋቸውን ገጥመው ጨው ሊመጥጡ የሚሰበሰቡት እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ ነው።