ስር የሰደደ ስትረስ፣ ዮጋና ሰውነትን የማሳረፍ ልምዶች

ስትረስ በራሱ ጠላት አይደለም። መንገድ ስንሻገር መኪና ድንገት ሲመጣብን ልባችን ድው ድው የሚለው፣ እጃችን የሚያልበው፣ ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ሰውነታችን ሊያተርፈን እየሰራ ስለሆነ ነው፣ መኪናው ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ይረጋጋል። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ካለፈ ከወራት በኋላም ሰውነታችን ገና መንገዱ መሃል የቆመ ሲመስለው ነው። ክሮኒክ ወይም ስር የሰደደ ስትረስ የሚባለው ይሄ ነው። እዳ፣ የታመመ ሰው ማስታመም፣ የማያልቅ ስራ፣ ሰላም ያጣ ቤት፣ ብቻ መጨረሻው የማይታይ ነገር ሁሉ ያመጣዋል። ዮጋ፣ የትንፋሽ ልምምድ፣ ሜዲቴሽንና ሆሊስቲክ (ሰውን በሙሉው የሚያዩ) የሚባሉ ሌሎች ልምዶች በብዙ ሃገር ሰው የሚሄድባቸው ለዚሁ ስትረስ ነው፣ አንዳንዱ በጣም ይጠቅማል፣ አንዳንዱ ደግሞ የማይችለውን ቃል ይገባል።

ነገሩ በሳይንስ መጠናት ከጀመረ ብዙም አልቆየም (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሃርቫርዱ ተመራማሪ ዋልተር ካነን በ1910ዎቹ «ተዋጋ ወይ አምልጥ» የሚባለውን የሰውነት ምላሽ አብራራ፣ ከሱ በኋላ ካናዳ ሞንትሪያል ይሰራ የነበረው ሃንስ ስሊ በ1936 ኔቸር መፅሄት ላይ አንድ አጭር ፅሁፍ አወጣ። ስሊ ያየው አይጦቹ ብርድ ላይ ቢቀመጡም፣ ቢቆስሉም፣ ከአቅማቸው በላይ ቢደክሙም ሰውነታቸው የሚያሳየው ለውጥ አንድ አይነት መሆኑን ነው፤ ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል እጢ ታብጣለች፣ ታይመስ የሚባለው የበሽታ መከላከያ እጢ ይሟሽሻል፣ ጨጓራ ይቆስላል። ይሄንን መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ መጨረሻ ላይ መዛል ብሎ በሶስት ደረጃ ከፈለው። መሃለኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ደህና ነው የሚመስለው፣ ስራውን ይሰራል፣ ይስቃል፣ ሲጠየቅም «ለምጄዋለሁ» ይላል። በኔ እይታ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚ ጋር ነው፣ መልመድና መዳን አንድ ስለሚመስሉት። በ1993 ብሩስ ማክዩዌንና ኤልየት ስቴላር ሰውነት ለመቋቋም ብሎ በየቀኑ የሚከፍለው ዋጋ ሲጠራቀም የሚፈጥረውን ሸክም አሎስታቲክ ሎድ ብለው ስም ሰጡት።

ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አእምሮ አደጋ ሲሸተው መጀመሪያ በሴኮንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ቀጥሎ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ከስሩ ላለችው ፒቱታሪ እጢ፣ ፒቱታሪ ደግሞ ለአድሬናል እጢ መልእክት ይልክና ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ ይገባል። ኮርቲዞልን ብዙ ሰው እንደ መርዝ ያወራዋል ግን አይደለም፣ ጠዋት ከፍ ብሎ ከአልጋ የሚያነሳን እሱ ነው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ደግሞ ይወርዳል። ሲበዛም ራሱ ተመልሶ አእምሮን «በቃ» ይለዋል። ስትረሱ ለወራት ሲዘልቅ ግን ያ «በቃ» ቶሎ አይሰማም፣ ማታ መውረድ ያለበት አይወርድም፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ግፊትና ስኳር ከፍ ይላል፣ ሆድ ይታወካል፣ ቁስል እንኳን ቶሎ አይድንም። ቁስሉን ዝም ብዬ አይደለም ያነሳሁት፣ በ1995 ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና የማያስታምሙ ሌሎች 13 ሴቶች ክንድ ላይ ተመሳሳይ ትንሽ ቁስል አድርገው ሲከታተሉ የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቷል። ሴቶቹ ምንም አዲስ በሽታ አልነበረባቸውም፣ የደከሙ ሰዎች ነበሩ።

ዮጋ የሚገባው እንግዲህ በዚች «በቃ» በምትለዋ በኩል ነው። ልባችንን፣ ጨጓራችንን፣ ሆርሞናችንን በቀጥታ ማዘዝ አንችልም፣ ትንፋሽ ግን ለየት ይላል፣ ሳናስበው ይሰራል፣ ስንፈልግ ደግሞ እንቀይረዋለን። አየር ስናስገባ የልብ ምት በትንሹ ይፈጥናል፣ ስናወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይሄ የጤነኛ ልብ ፀባይ ነው፣ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ትንፋሽ ስናወጣ ልብን ያዝ ስለሚያደርጋት ነው። ስለዚ የማውጫውን ጊዜ ያስረዘመ ሰው ልቡን በእጅ አዙር አረጋጋ ማለት ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ይሄ ወደ 6 አካባቢ ሲወርድ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍና ዝቅ ማለት ከትንፋሹ ጋር አብሮ መሄድ ይጀምራል፣ ያኔ ሰውነት ወደ ማረፍ ያዘነብላል። አሰራሩ ደግሞ ቀላል ነው፤ በአፍንጫ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 6 ቆጥሮ ማውጣት፣ ተደምሮ 10 ሴኮንድ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አየር ሲያጥር ወይ ጭንቅላት ቀለል ሲል ትቶ እንደወትሮው መተንፈስ ነው፣ ትግል ከሆነ ራሱ ሌላ ስትረስ ነው።

በዮጋ ይሄ የትንፋሽ ስራ ፕራናያማ ይባላል። ለስትረስ የሚመከሩት ለስለስ ያሉት ናቸው፣ ለምሳሌ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ይዞ በሌላው እየቀያየሩ የሚተነፈስበት ናዲ ሾዳና፣ ወይም አፍ ዘግቶ እንደ ንብ እያጉረመረሙ ማውጣት፣ ብራማሪ የሚሉት። ማጉረምረሙ ማውጫውን በግድ ስለሚያረዝመው መቁጠር ለሚያስጨንቀው ሰው ይመቻል። ፈጣንና ሃይለኛ የሆኑት እንደ ካፓላባቲ ያሉት ግን የሚያነቃቁ ናቸው፣ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ለሚያስቸግረው፣ ግፊት ላለበት ወይም ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። ይሄን ሳያስረዱ ለአዲስ ሰው ሁሉ የሚያሰሩ አሉ፣ ልክ አይደለም።

ዮጋ የሚለው ቃል ራሱ ዩጅ ከሚል የሳንስክሪት ስር የመጣ ነው፣ መጥመድ ማለት ነው፣ በሬ ለቀንበር እንደሚጠመደው፣ የተበታተነን ሃሳብ አንድ ላይ ጠምዶ መያዝ እንደማለት። ዛሬ ዮጋ ሲባል ፎቶ ላይ የምናየው መተጣጠፍ ትዝ ይለናል፣ የጥንቱ ግን እንደዛ አልነበረም። ፓታንጃሊ አሰናዳው የሚባለው የዮጋ ሱትራ 196 ያህል አጫጭር አረፍተ ነገሮች አሉት፣ ከነዚህ ውስጥ ስለ አካል አቀማመጥ የሚያወሩት 3 ብቻ ናቸው፣ ዋናው ሃሳባቸውም አቀማመጡ የፀናና የተመቸ ይሁን የሚል ነው። የተመቸ! ይሄ ቃል እየተረሳ ነው ሰው ጉልበቱንና ወገቡን የሚጎዳው። ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች አሳና የሚባለው አካሉ አንዱ ብቻ ነው፣ የቀሩት ስለ ስነ ምግባር፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ትኩረትና ስለ ተመስጦ ናቸው። አካሉ ላይ አተኩሮ የመጣው ሃታ ዮጋ ሲሆን ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የሚባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን መፅሃፍ እንኳን የሚዘረዝረው 15 አሳና ነው። አሁን የምናውቀው ቆሞ የሚሰራው፣ እየተከታተለ የሚፈሰው አይነት በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ስራ ነው፣ ህንድ ማይሶር ያስተምር ከነበረው ከክሪሽናማቻርያና ከተማሪዎቹ። ከተማሪዎቹ አንዷ ኢንድራ ዴቪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተች፣ ሌላው አየንጋር ደግሞ ሰውነቱ ለማይታጠፍ ሰው ትራስ፣ ቀበቶ፣ ብሎክና ወንበር መደገፊያ አድርጎ ማሰራቱን አስፋፋ። ዩኔስኮ ዮጋን በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፣ ከ2015 ጀምሮም ጁን 21 የአለም የዮጋ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ለቆየ ስትረስ የቱ አይነት ይሻላል ለሚለው የኔ ሃሳብ ግልፅ ነው፣ ለዛለ ሰው የሚያሳርፈው። ረስቶሬቲቭ ዮጋ የሚባለው ከአየንጋር መደገፊያዎች የወጣ ነው፣ አንድ አቀማመጥ ላይ በትራስና በብርድ ልብስ ተደግፎ 5፣ 10 ደቂቃ ዝም ማለት። ግድግዳ ተጠግቶ በጀርባ ተኝቶ እግርን ሽቅብ መስቀል፣ ተንበርክኮ ግንባርን ትራስ ላይ ማሳረፍ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሻቫሳና፣ በጀርባ ዝርግት ብሎ መተኛት። ሻቫሳናን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ያየዋል፣ ክፍሉ ሳያልቅ ምንጣፉን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ግን ለስትረስ የመጣ ሰው የመጣበት ነገር እኮ እሱ ነው፣ ጡንቻ ሰርቶ ሲያበቃ ምንም ሳይጠበቅበት የሚተኛበት ሰአት። አቀማመጥ ከአቀማመጥ ሳያቋርጥ የሚያያይዘው ፈጣኑ ቪንያሳም፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ የሚሰራውም ለስፖርት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ማታ ደግሞ እዛ ገብቶ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ለሚፎካከር ግን ያው ሩጫው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ተቀምጦ ዝም ማለት ለሚያስጨንቀው ሰው ግን መጀመሪያ ተንቀሳቅሶ ከዛ መተኛቱ ይሻላል፣ ይሄ እንደሰው ነው።

ከዮጋ ውጪ ያሉትም ወደዚሁ ነው የሚያመሩት። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሃኪም ጡንቻን በየተራ ጠበቅ አድርጎ መልቀቅን አስተማረ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ትከሻው ወይ መንጋጋው መወጠሩን የሚያውቀው ሲለቀው ነው። ኸርበርት ቤንሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ሃኪም በ1975 ይሄን የማረፍ ሁኔታ የተዋጋ ወይ አምልጥ ተቃራኒ አድርጎ አቀረበው። በሆስፒታል በኩል በደንብ የተስፋፋው ግን ጆን ካባት ዚን በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የ8 ሳምንት ፕሮግራም ነው፣ ማይንድፉልነስን፣ ማለትም አሁን ያለውን ነገር ሳይፈርዱ በትኩረት ማስተዋልን፣ መሰረት ያደረገ የስትረስ መቀነሻ። ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ በሃሳብ ማሰስ፣ መቀመጥ፣ ቀለል ያለ ሃታ ዮጋ፣ እና በየቀኑ 45 ደቂቃ አካባቢ የቤት ስራ አለው። ከባድ ነው፣ ስራና ልጅ ላለው ሰው በተለይ፣ ግን በሽተኛውን ወረፋ ጠባቂ ሳይሆን ሰራተኛ አድርጎ ማየቱን እወድለታለሁ።

ይሰራል ወይ? በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 47 ጥናቶችን፣ ከ3,500 በላይ ተሳታፊዎችን አይቶ የማይንድፉልነስ ፕሮግራሞች ጭንቀትን፣ ድብርትንና ህመምን በመጠኑ እንደሚቀንሱ አገኘ፣ ከመድሃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣሉ የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። የአሜሪካ ሃኪሞች ኮሌጅ የሚባለው የሃኪሞች ማህበር በ2017 ለቆየ የወገብ ህመም ከመድሃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው ውስጥ ዮጋ፣ ታይ ቺና ይሄው የካባት ዚን ፕሮግራም አሉበት። የዮጋ ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ደግሞም ሰውየው ዮጋ እየሰራ መሆኑን እንዳያውቅ ማድረግ አይቻልም፣ ስለዚ ውጤቱ የመተጣጠፉ ነው፣ የትንፋሹ ነው ወይስ በሳምንት አንዴ ማንም የማይጠራው ቦታ የመተኛቱ ነው ብሎ መለየት ይከብዳል። በመጠኑ የሚለውን ቃል ማንም አይናቀው፣ ለወራት እንቅልፍ ላጣ ሰው በመጠኑ ማለት ብዙ ነው።

ሆሊስቲክ የሚለው ቃል ሰውን በክፍል በክፍል ሳይሆን በሙሉው ማየት ማለት ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም በ1948 ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማህበራዊ ኑሮ ደህንነት ነው ብሎ ነው የተነሳው። በዚህ ከሄድን እንቅልፍ ከዮጋ ይቀድማል፣ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰአት ያስፈልገዋል፣ ካፌይን ደግሞ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰአት አካባቢ ስለሚፈጅበት ከሰአት በኋላ የተጠጣው ማታ አልጋ ላይ አብሮ ይተኛል። እንቅስቃሴም እንደዛው፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የአለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ነው። ከሰው ጋር መሆንም አለበት፣ ብቻውን ቤት ዘግቶ ሜዲቴት የሚያደርግና ሃሳቡን የሚያካፍለው ሰው የሌለው፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ይሄው ቃል ግን ብዙ ነገር መሸጫም ሆኗል። ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ለስትረስ ተብሎ የሚሸጠው አሽዋጋንዳ የሚባል እፅ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፣ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው እፅ የወሊድ መከላከያን ሃይል ይቀንሳል፣ ከድብርት መድሃኒት ጋር ሲደረብ አደገኛ ነው። በ2004 ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ህክምና) መድሃኒቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ምንጣፍና ትንፋሽ ይሄን አይነት ጣጣ የለባቸውም፣ እነሱም ቢሆኑ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፣ ግላኮማ የሚባለው የአይን ግፊት በሽታ ያለበት ሰው በጭንቅላት መቆም የለበትም፣ አጥንቱ የሳሳ ሰው ደግሞ ጀርባውን አጉብጦ በሃይል መታጠፍ የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ስትረሱን የሚፈጥረው ነገር ውጪ ካለ ትንፋሽ አያጠፋውም። የአለም ጤና ድርጅት በርንአውትን፣ ማለትም ከስራ ብዛት የሚመጣ መዛልን፣ በአዲሱ የበሽታዎች መለያ ውስጥ ያስገባው እንደ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የስራ ቦታ ስትረስ የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ሰራተኛውን ዮጋ ክፍል ልኮ የስራውን ጫና እንደነበረ መተው ጥፋቱን ሰውየው ላይ መጫን ነው። የሚደበድብ ሰው ጋር ለሚኖር ሰውም መጀመሪያ የሚያስፈልገው መውጫ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት ሲጠፋ፣ ምግብ ሲዘጋ፣ ምንም ነገር ደስ አላለኝም ሲባል፣ መኖር ሲያስጠላ ደግሞ ነገሩ ከምንጣፍ አልፏል፣ ሃኪም ጋር መሄድ ነው፣ መድሃኒት ተሰጥቶ ከሆነም ዮጋ ጀመርኩ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ላይ አይን ጨፍኖ ዝም ማለት ራሱ ያለፈውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለዚህ ተብሎ ትራውማን (ያለፈ ከባድ ነገር አእምሮ ላይ የሚተወውን ቁስል) ያገናዘበ ዮጋ የሚባል አሰራር መጥቷል፣ በ2014 ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ በሌላ ህክምና ያልተሻላቸው 64 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን ለ10 ሳምንት አሰርተውት የትራውማው ምልክቶች በጉልህ ቀንሰዋል። እዛ አስተማሪው አያዝም፣ «ከፈለግሽ እጅሽን አንሺ፣ ካልፈለግሽ እንዳለ ተይው» ይላል፣ አይን መክፈት ይፈቀዳል፣ በሩ የት እንዳለ ይታያል፣ ማንም ከኋላ መጥቶ ሰውነት አይነካም። አስተማሪ ስትመርጡ ይሄን እዩ፣ የ200 ሰአት ስልጠና ሰርተፍኬት ብዙ ቦታ የተለመደ ነው ግን የህክምና ፈቃድ አይደለም፣ ስለዚ ግፊት፣ እርግዝና፣ የወገብ ችግር፣ ያለፈ ጉዳት ካለ ከክፍሉ በፊት ለብቻው ንገሩት፣ ምን እንደሚቀይርላችሁም ጠይቁት።